ሲድኒን ዞሬ አልፋለሁ

ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ። ቤት፣ ቤርንስዴል

የፋሲካው ግርግር አለቀ። ታሪንና ባሏ ዛሬ ጠዋት ወደ ሲድኒ ተመለሱ። ባለቤቴ ግሌኒስ የልጃችን መኪና ከማዕዘኑ እስኪሰወር ድረስ አጥሩን ተደግፋ ቆማ አየች። አጥር መደገፍ ሰሞኑን ያመጣችው አመል ነው። እኔ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ካርታዬን ዘረጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ እዚህ ደቡብ ብርዱ ሲጀምር ካራቫናችንን፣ ያንን በመኪና የሚጎተት ቤታችንን፣ ከላንድክሩዘሯ ኋላ ቀጥለን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኩዊንስላንድ ሙቀት እንወጣለን። ጡረታ የወጣ ሰው ግማሹ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። በእኛና በሙቀቱ መካከል ግን ሲድኒ ከባሕሩ እስከ ተራራው ተጋድማለች። አምስት ሚሊዮን ሰው መሪ ጨብጦ የሚሰዳደብባት ከተማ ናት። እኔ ሰላሳ ዓመት የወተት ቦቴ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ በጭጋግም፣ በጎርፍም፣ አስፋልት መሃል በተኛች ላም ዙሪያም። ትራፊክ የምፈራ እንዳይመስል። ብልህ ሰው ግን ጭንቅንቅ ሲያይ ይዞራል እንጂ አይጋፋም።

ታሪን ለበዓሉ የመጣችው ወሬ ይዛ ነው። ብላክታውን ካለው ቤታቸው ጓሮ ሁለት ክፍል አሠርተዋል። እሷ ሌላ ስም ትሰጠዋለች፤ እኔ ሰርቪስ ነው የምለው። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት አለው። ደረጃ የለውም አለች፣ ደረጃ አለመኖር ትልቅ ነገር ይመስል። «ካራቫኑን ግቢ ውስጥ ታቆሙታላችሁ፣ ሲያሰኛችሁ ትወጣላችሁ» አለችኝ። የጎረቤታችንም የኬልቪን ልጅ እንዲሁ ብሎት ነበር። አሁን በኬልቪን ካራቫን ውስጥ ዶሮ ይፈለፈልበታል።

ስለዚህ ዘንድሮ ሲድኒን ዞሬ አልፋለሁ። በትራፊኩ ምክንያት።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ለግሌኒስ መንገዱን አሳየኋት። በባሕሩ ዳር እስከ ቤትማንስ ቤይ፤ ከዚያ ተራራውን ወጥተን ጎልበርን፤ ከዚያ ኦበሮን፣ ባተርስት፣ ማጂ፤ ከዚያ ወደ ላይ። ሲድኒን እንደ ጉድጓድ በሩቁ እየዞርን።

ከተጋባን ጀምሮ ለመንገድ እቅዴ ፊት ሰጥታ አታውቅም። ዛሬ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ ተከተለችው። ጣቷ ኦበሮን ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሊትጎን ለምን አንነካም?» አለች።

ሊትጎ ከተራራው ሥር ያለች፣ የከሰል ማዕድን የነበራት ከተማ ናት። ትንሽ ወደ ቀኝ ታስጠመዝዘናለች። ካራቫን የሚያድርበት የትርኢት ሜዳዋ ደልዳላ ነው፣ ልብስ ማጠቢያውም ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ አለች። ነዳጁም እዚያ ረከስ ይላል። እሺ አልኩ።

«መቼ ነው የምንደርሰው?»

«ሜይ ሃያ አካባቢ።»

«አካባቢ አትበለኝ። ቀኑን ንገረኝ።»

ሃያ ነው አልኳት። በአእምሮዋ የሆነ ነገር ያሰላች መሰለችና መነጽሯን አወለቀች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በስተርጅና ካርታ መውደድ ጀመረች።

ኤፕሪል 30፣ ረቡዕ

ተነሣን። ዘግይተን።

ካራቫን የሚነሣው በሁለት ሰው ነው። የውጪው ሥራ የኔ ነው። እግሮቹን ማጠፍ፣ ጋዙን መዝጋት፣ የመብራቱን ገመድና የውሃውን ቱቦ መንቀል፣ ሰንሰለቱን ማሠር። የውስጡ የእሷ ነው። ፍሪጁን መቆለፍ፣ መሳቢያውንና ቁም ሳጥኑን መቀርቀር፣ የጣሪያውን መስኮት መዝጋት። አንዱ በሌላው ሥራ አይገባም፤ አይጠይቅምም። ትዳራችን የቆየው በዚህ ይመስለኛል።

ዛሬ የእሷ ወገን ሊያልቅ አልቻለም። የካራቫኑን ደረጃ ስትወርድ ወደ ኋላ ዞራ እንደ ሕፃን ነው የምትወርደው። «ቶሎ በይ እንጂ፣ የጭነት መኪናዎቹ ሳይቀድሙን» አልኳት። «መጣሁ» አለች። ድምፄን ከፍ ማድረግ አልነበረብኝም። ግን ቀደሙን።

ሜይ 2፣ ዓርብ። ኤደን

ካራቫን ወደ ማቆሚያው በኋላ ማርሽ ሲገባ በካራቫን ሰፈሩ ያለ ሰው ሁሉ ወንበሩን አዙሮ ያያል። ባልና ሚስት የሚፋቱት እዚያ ላይ ነው ይባላል። ግሌኒስ ድሮ ከኋላ ቆማ በእጇ ትመራኝ ነበር፤ እንደ እሷ ያለ እጅ የለም። አሁን ወንበር ዘርግታ ተቀምጣ በመገናኛ ሬድዮ ታዘኛለች። ግራ፣ ግራ፣ ቁም። እንደ ንግሥት። ከዛፍ ጋር ልታላትመኝ ነበር፣ ከተቀመጠችበት ዛፉ አይታያትም። ሰነፍሽ አልኳት። እርጅና ነው አለች።

ወደ ባሕሩ ብቻዬን ሄድኩ። ድሮ አብረን ነበር።

ሜይ 7፣ ረቡዕ። ቤትማንስ ቤይ

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ወንበሩንና መጠጡን ይዞ ይወጣና ክብ ይሠራል። ወሬው ሁለት ነው፤ ሕመምና መንገድ። አንዱ ስለ ሕመሙ ሲያወራ ሌሎቹ ይሰማሉ። ስለ መንገድ ሲያወራ ግን ማንም ማንንም አይሰማም።

ትሬቨር የሚባል ጡረተኛ ሥጋ ሻጭ አለ፣ ከባላራት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚጎትተው፤ የውጪውንም የውስጡንም ይሠራል። እሱ ሲድኒን የሚያልፈው በመሬት ውስጥ ዋሻው ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ገብቶ ሬድዮ እየሰማ በሌላው ይወጣል፣ ከተማዋን ሳያያት። አንዱ ደግሞ እሑድ ጎህ ሳይቀድ እለፍ አለ። አንዷ ሴትዮ በባሕር ብትሄዱስ አለች፤ ያው መጠጥ ላይ ነን።

እኔ ካርታዬን አወጣሁና የኔን መንገድ አስረዳሁ። ትሬቨር በጣቱ ለካው።

«አንተ ሰው» አለ፣ «ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም የምትሄደው፣ ሲድኒ ውስጥ ያበደረህ ሰው አለ?»

ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ግሌኒስ ናት፤ እንባዋን እስክትጠርግ። ሳቋን ስትጨርስ ካርታውን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። «ተዉት፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለቻቸው። ይኸው ለሃምሳ ዓመት ባል የሚሰጠው ምስጋና።

ትሬቨር እሱም ወደ ሰሜን ነው፣ አልቸኩልም አለ። አብሮን ሊሄድ ነው፣ በኔ መንገድ። አንድ ሰው እንኳ አሳምኛለሁ።

ሜይ 8፣ ሐሙስ

ልብስ ማጠቢያው ደጃፍ ተራ ስጠብቅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ «ያቺ ምስኪን፣ ባልዲዋን እንኳ በእግሯ እየገፋች ነው የምታመጣው» አለች። ሁለተኛዋ «ባልየው አያይም እንዴ?» አለች። «ባልየውማ ካርታ ነው የሚያየው።»

እዚህ ሰፈር ውስጥ ካርታ የሚይዝ ሌላም ሰው አለ ማለት ነው። በዚህ ዘመን ሁሉም በስልኩ ነው የሚሄደው ብዬ ነበር። አግኝቼ ባወራው ደስ ይለኝ ነበር።

ሜይ 11፣ እሑድ። የእናቶች ቀን

ታሪን ደወለች። ግሌኒስ ስልኩን ይዛ ከካራቫኑ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች፤ ወሬው ረዘመ። ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል። ነፋሱ ነው አለች። ነፋስ ነበር በርግጥ፣ ጠዋት።

አማቼ ሮሜልም አናገረኝ። የፊሊፒንስ ሰው ነው፣ እናቱ እንዳሳደገችው አንቱ ይለኛል። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ያደክማል።

«አባባ፣ የግቢውን በር አስፍተነዋል» አለኝ። «ካራቫንዎ አሁን ያለ ምንም ችግር ይገባል።»

እሱ ነው እኮ ችግሩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግሌኒስ «ታሪን ጋ ብንሄድ ምን ይመስልሃል፣ ለጥቂት ቀን?» አለች። ስለ ትራፊኩ ነገርኳት። ስለ ጠባቡ መንገድ፣ ስለ ማቆሚያው፣ ካራቫን አይተው ፍሬን ስለማይይዙት ሰዎች። በደንብ ነው ያስረዳኋት። ስጨርስ «እሺ» አለች። ያለ ክርክር። ካርታውን ገልጣ ሊትጎን እንደገና አየች።

ሜይ 14፣ ረቡዕ። ብሬድውድ

ተራራው። ሁለተኛ ማርሽ። መታጠፊያ በመታጠፊያ ላይ። ሞተሩ ጋለ። ከኋላዬ እስከ ሸለቆው ድረስ የመኪና ሰልፍ። ጥሩምባ። የሚያሳልፍበት ቦታ የለም።

ትሬቨር በሬድዮ፦ «ኔቭ፣ ከሲድኒ መጨናነቅ ሸሽተህ የራስህን ይዘህ መጣህ።»

የመገናኛውን ድምፅ ቀነስኩት።

ሜይ 17፣ ቅዳሜ። ጎልበርን

ትልቁ አውራ ጎዳና ላይ አንድ ሰሌዳ አለ፣ በቀኝ ሲድኒ የሚል። መብራት የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ግሌኒስ ሰሌዳው እስኪያልፍ አየችው፤ ካለፈም በኋላ በጎን መስታወቱ አየችው። ስለ ነዳጅ አወራሁ። ከዚያ ስለ ጎማ። ወሬ ሲያልቅብኝ ሬድዮ ከፈትኩ።

ኪኒን ጨምራለች። ድሮ ማታ ብቻ ነበር፣ አሁን ጠዋትም ትውጣለች። ስለ ምንነቱ ብጠይቃት ለእንቅልፍ ነው አለች። ጠዋት የሚዋጥ የእንቅልፍ ኪኒን ሰምቼ አላውቅም፤ መድኃኒቱ ተሻሽሎ ይሆናል። ደግሜ ልጠይቃት አስቤ ተውኩት። አንዳንድ ነገር ከጠየቁት መልስ ያመጣል።

ማታ ከአልጋ ስትነሣ ቀስ ብላ አቃሰተች፣ የተኛሁ መስሏት። የተኛሁ መሰልኩ።

ሜይ 20፣ ማክሰኞ። ሊትጎ

ደረስን። በቀኑ። ውርጭ ነው፣ ሜዳው ነጭ ሆኗል። ባቡሩ ከሜዳው ማዶ ይሰማል።

እራት ላይ ግሌኒስ እንደ ቀላል ነገር፣ ድንች እየላጠች፣ «ነገ በባቡር ታሪን ጋ ልሂድና ሁለት ሌሊት አድሬ ልምጣ» አለች። ብላክታውን ድረስ ቀጥታ ይወስዳል፣ መቀያየር የለም። አንተ አትድከም፤ መንገዱም ካራቫኑም አያስጨንቅህ፤ ልብስህንም አጥቤልሃለሁ።

ፍትሐዊ ነው። እኔም ለጋስ ሰው ነኝ። ሂጂ አልኳት። እንዲያውም ይኸን ሐሳብ እኔ ቀድሜ ባመጣው ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ። እሷ ልጇን ታያለች፣ ካራቫኑ ከሲድኒ ውጪ ይቆያል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል።

ሜይ 21፣ ረቡዕ

ሸኘኋት። ሻንጣዋ ድንጋይ የታጨቀበት ነው የሚመስለው። «ለሁለት ሌሊት?» አልኳት። ብርድ ነው አለች። ባቡሩ ላይ ስትወጣ አንድ ወጣት ክንዷን ይዞ ደገፋት፤ እኔ ሻንጣውን ስለያዝኩ ነው። ከዚያ ከበሩ ጎንበስ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ፣ ሰው እያየ። ለሁለት ሌሊት ትንሽ በዛ።

«ፍሪጅ ውስጥ ሾርባ አለ። ኔቭ፣ ብላ እሺ» አለችኝ።

ሜይ 22፣ ሐሙስ

ሾርባ። ብርድ። ትሬቨር በዳማ አሸነፈኝ። ከማጂ በላይ ያለውን መንገድ እንደገና አቀናሁ፤ አሁን እንከን የለውም።

ሜይ 23፣ ዓርብ

አልመጣችም። ደወለች እንጂ።

ሌላ ሳምንት ትቆያለች። ምናልባትም ከዚያ በላይ። ምን ያስቆይሻል ስላት፣ ከታሪን ጋር ነገር አለን፣ የሴት ነገር ነው፣ ኋላ እነግርሃለሁ አለች። ከጀርባዋ ታሪን ስትንሾካሾክ ይሰማኛል። ሴራው ገባኝ። ደረጃ የሌለው ቤት፣ የሰፋ በር፣ አሁን ደግሞ እናቲቱ። ቀስ በቀስ እኔንም በገመድ ሊጎትቱኝ ነው።

ደግ ነገር አልተናገርኩም። እኔ ምን ነኝ፣ ሹፌር ነኝ እንዴ አልኳት። ልጅሽ ጡረተኞች ልታረባ ከሆነ አጥር ትሥራላቸው አልኩ። ይህን ባልልም ይቻል ነበር። ግሌኒስ እስክጨርስ ጠበቀች።

«ኩዊንስላንድ ሂድ፣ ኔቭ» አለች። «ይሞቅሃል። አትጠብቀኝ።»

ሳትቆጣ ነው ያለችው፣ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አሁን መሽቷል፣ ማሞቂያው ይንኳኳል፣ እኔም ይኸው ገጽ እየሞላሁ ነው። የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ልጽፈው ስሞክር አይጻፍልኝም። አልጋው ሰፊ ነው። የእሷ ጎን ቅዝቃዜ የኔን ብርድ ልብስ አልፎ ይሰማኛል። እሑድ እነሣለሁ። ብቻዬን። ትሬቨር ከቻለ እኔ ምን ይሳነኛል?

ሜይ 25፣ እሑድ። የመንገድ ዳር፣ ከዚያ ሊትጎ እንደገና

ጠዋት ትሬቨር የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ አድርጎ ብቅ አለና «ብቻህን ነው የምትነሣው?» አለኝ። አልችልም ወይ አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ገባ። እግሮቹን አጠፍኩ፣ ጋዙን ዘጋሁ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰንሰለቱን አሠርኩ። ነዳሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለኔ ነው።

የማጂን መንገድ ይዤ ሽቅብ ስወጣ ከኋላ የሆነ ነገር ተሰበረ፤ ከዚያ የጣሪያው መስኮት በጎን መስታወቴ ውስጥ ሲበር አየሁት። ዳር ያዝኩ። በሩን ስከፍት ወተት በደረጃው ወረደ።

የውስጡን ሥራ አልሠራሁም። ሠርቼው አላውቅም። የውስጥ ሥራ መኖሩንም ረስቼው ነበር። ፍሪጁ ተከፍቷል፣ መሳቢያዎቹ መሬት ናቸው፣ እንቁላሉና ሩዙ ተደባልቋል። ሰላሳ ዓመት ወተት ጭኜ ጠብታ አላፈሰስኩም፤ ዛሬ በአንድ ጠርሙስ ወለሉ ሁሉ ነጣ።

መጥረጊያ ስፈልግ የእሷ ቁም ሳጥን በር ይወዛወዛል። ባዶ ነው። የክረምቱም የበጋውም ልብስ የለም፤ መስቀያዎቹ ብቻ ይንቀጫቀጫሉ። የስፌት ቆርቆሮዋ የለም። ከራስጌዋ ኪኒኖቿ የሉም። ትራሷም የለም፤ አራት ሌሊት አጠገቡ ተኝቼ አላስተዋልኩም። ለሁለት ሌሊት ትራስ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። ሌላ ቦታ የማይመቻትን ያንን ትራስ ደግሞ እኔው ነኝ በሻንጣ ተሸክሜ ባቡር ላይ የጫንኩት።

ወተቱ ውስጥ ተቀምጬ ታሪን ጋ ደወልኩ። ልጮህባት ነበር የደወልኩት።

«እናትሽ ጥላኝ ሄደች ማለት ነው?»

«አባዬ፣ እማዬ አልነገረችህም?» አለች። «ነገ ጠዋት እኮ ነው።»

«ምኑ?»

«ኦፕራሲዮኑ። የዳሌዋ። ዓመት ሙሉ ተራ ስትጠብቅ የነበረው። ዛሬ ማታ ሆስፒታል ትገባለች። በየት አገር ነው ስታነክስ የማታያት፣ አባዬ?»

አይቻለሁ። ዐይን አያይም ልብ ካላየ ይላሉ፣ የኔ ግን እንደዚያ አይደለም። አይቻለሁ። አጥሩን አይቻለሁ፣ ደረጃውን አይቻለሁ፣ ማታ ስታቃስት ሰምቻለሁ። ካየሁት ብላክታውን እንደምንቀር ስለማውቅ በዙሪያው እየዞርኩ ነበር። አፈርኩ። ይህን ለታሪን አላልኳትም። መጣሁ አልኳት።

ካራቫን በጠባብ ተራራ መንገድ ላይ መልሶ ለማዞር ሰው ያስፈልጋል። ሰው አልነበረም። ለሁለቱም አቅጣጫ መንገድ ዘግቼ፣ ሰው እየሰደበኝ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያልኩ አዞርኩት። ትሬቨር ከትርኢት ሜዳው በር ላይ ሲያየኝ አልቀለደም። ቁልፉን ከእጄ ወስዶ «ወለሉን እኔ አጥበዋለሁ። ባቡሩ እንዳያመልጥህ» አለኝ።

ሜይ 26፣ ሰኞ። ብላክታውን

ባቡሩ ከተራራው ወርዶ ከተማው ውስጥ ሲገባ አውራ ጎዳናው ጎን ለጎን ይሄዳል። ያ ስሸሸው የከረምኩት ትራፊክ በመስኮቱ ነበር፤ መኪና በመኪና፣ መብራት በመብራት። ይሄዳል። ቀስ ብሎ፣ ግን ይሄዳል። በመካከሉ አንዲት ፀጉሯ የነጣ ሴትዮ ከኛ የሚበልጥ ካራቫን እየጎተተች ሳንድዊች ትበላለች።

ትናንት ማታ ስደርስ የሆስፒታሉ የጥየቃ ሰዓት አልፎ ነበር። ሮሜል ጣቢያው ላይ ጠብቆ ይዞኝ መጣ፤ መንገድ ላይ ምንም አልጠየቀኝም፣ «በልተዋል?» ብቻ አለኝ። ሰርቪሱ ውስጥ ተኛሁ። ደረጃ የለውም። አልጋው ላይ በግራ በኩል የእሷ ትራስ አለ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የኔም ጎን ተነጥፏል። በኔ በኩል ብርድ ልብሱ ድርብ ነው፤ እግሬ እንደሚበርደኝ ታውቃለች። ማን እንዳነጠፈው ሮሜልን አልጠየቅኩም።

ዛሬ ጠዋት ሙሉ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ታሪን ተቆጥታኝ ነበር። ቆየት ብላ ግን ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፣ ደክሟት ነው መሰለኝ። ሐኪሟ ወጥታ ደህና ሆኗል አለችን። ደግማ እንድትነግረን ጠየቅኳት።

ከሰዓት በኋላ አስገቡኝ። ግሌኒስ አልጋው ውስጥ አንሳለች። ዐይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ካራቫኑስ?» አለች።

«ሊትጎ ነው። ትሬቨር ጋ።»

«ወተቱን ከፍሪጅ አወጣኸው? እንዳይበላሽ።»

«ወጥቷል» አልኳት።

ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁ። ይቅርታ አልኩ፤ ሌላም ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፣ ከተራራው እስከዚህ ድረስ ስደጋግመው የመጣሁት፣ ግን ያችው አንዷ ብቻ ወጣች። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሳልፈልገው ያ ጥያቄ መጣ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ መንገዱን ትቀይረው ነበር» አለች።

«አልቀይረውም» አልኳት።

እጄን ጨበጥ አድርጋ ዐይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ ይዟት እስኪሄድ አልለቀቀችኝም።

አሁን ከአልጋዋ አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው። ይህን ደብተር ከኔ ሌላ የሚያነበው ስለሌለ እውነቱን ላስፍረው። ብትነግረኝ እቀይረው ነበር፤ ሩቅ ምዕራብ ባለችው በበርክ በኩል ነበር የምወስዳት፤ በረሃውን ይዤ፣ ባቡር በማይደርስበት። የት እንደምናድር፣ የት ነዳጅ እንደምንሞላ፣ ሁሉንም አውቀው ነበር።